ሃያ ሁለተኛዋ ቀን

አዲስ አበባ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አምቦ!» ብሎ የተጣራ ሰው የሚመጣለት ከተማ ሳይሆን ጠርሙስ ነው። አስተናጋጇ «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» ትላለች፤ ቆርኪው ጭስ ብሎ ይከፈታል፤ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ውሃው በፋብሪካ መታሸግ ከጀመረበት ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከተማዋ በሄደችበት ሁሉ ፈሳሽ ሆና ነው የምትታወቀው። ከሷ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ጉደር አለች፤ ስሟን ለቀይ ወይን የሰጠች። እንግዲህ የአዲስ አበባ ጠጪ ማታ ጉደርን ይጠራና ጠዋት ራሱን ሲፈልጠው አምቦን ይጠራል። ሁለት ጎረቤታም ከተሞች አንድን ሰው እንዲህ ተቀባብለው ሲያስተኙትና ሲቀሰቅሱት ሌላ ቦታ አላየሁም።

በሁለቱ መሀል ግን ፋብሪካ የሌለው ሦስተኛ መጠጥ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ቢራ ፋብሪካዎቹ ክው አሉ። አረቄ ምን ቆርጦት! የአረቄ ማስታወቂያ ወትሮም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ናት። ኦሎንኮሚ ብትሉ፣ ግንጪ ብትሉ፣ ጌዶ ብትሉ፣ ከአስፋልቱ ሁለት አጥር ያህል ገባ ብላችሁ ቀና ካላችሁ አታጧትም። የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት የነበረባት ጣሳ ናት። ዝናብ ይመታታል፣ ትዝጋለች፣ ንፋስ ሲያወርዳት ልጅ ሮጦ ይሰቅላታል። ግብር ሰብሳቢው የትኛዋ ጣሳ የማን እንደሆነች በቃሉ ያውቃል።

ከጣሳዋ ሥር ያለው ቤት፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ የሴት ቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ የፈታት፣ ወይም ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ልጅ የያዘች። ለመጀመር ብዙ አይጠይቅም፤ አንድ ጋን፣ ጥቂት እህል፣ ጌሾ፣ ማገዶ፣ እና ብቅል በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ። ሙያው ግን ቀላል አይደለም። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ሆኖ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ እንፋሎት እንዳያሾልክ በደንብ ይመረጋል፤ ከአፉ የሚወጣው ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ከዚያ መቀመጥ ነው። እሳቱ ከበዛ ያራል፣ ካነሰ አይወጣም። ጢሱ ዓይን ያጠፋል። ዳግም የወጣው የአልኮል መጠኑ እስከ አርባ አምስት በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ከቢራ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ የለም። መሣሪያዋ ምላሷ ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጣቷ ተቀብላ ትልሳለች፤ ትንሽ ቆይታ ትደግማለች። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ መርዝ የለበትም ለማለት። ደንበኛው ሞቅ ሲለው «ነይ እስቲ አንዷን አብረሽኝ ጠጪ» ይላል። እምቢ ማለት ገበያ ማባረር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች የቀን ሥራዋን ስትጨርስ ስንት መለኪያ እንደሄደ እሷም አትቆጥረውም።

የወንድ ስካር አደባባይ የሚወጣ ነገር ነው። ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ጓደኞቹ ብብቱን ይዘው ቤቱ ያደርሱታል፤ በነጋታው ቡና ላይ ተረት ይሆናል። የሴቷ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ጎረቤት ይሰማል፣ አይናገርም። ደጅ የቆመ ልጅ «እማዬስ?» ሲባል «ጨጓራዋን አሟት ተኝታለች» ይላል። ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ይህን መልስ ማን እንዳስተማረው እንጃ። ጤና ጣቢያም ስትሄድ የምትናገረው ይህንኑ ነው። የጨጓራ መድኃኒት ተቀብላ ትመለሳለች።

ጨጓራ የስንቱን ገመና እንደሸፈነ ሳስብ አንዲት መነኩሲት ትዝ ትለኛለች፣ የእኛ አገር አይደለችም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ እኅት ኢግናሺያ የምትባል ካቶሊካዊት ነበረች፤ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሕሙማንን መዝግባ የምታስገባ። ያኔ ሆስፒታሎች ሰካራም ማስተኛት አይፈልጉም ነበር። በ1939 (እ.ኤ.አ.) እሷና ዶክተር ቦብ እየተባለ የሚጠራው፣ ከአራት ዓመት በፊት አልኮሊክስ አኖኒመስን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሐኪም፣ ተመካክረው አንዱን ሰካራም አስገቡት። መዝገቡ ላይ ምን ብላ ጻፈችው? አጣዳፊ የጨጓራ ሕመም። የዚያ ደጅ የቆመው ልጅ እናት ብታውቃት ኖሮ በደንብ በተግባቡ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአምቦ ወደ ደቡብ ወደ ወንጪ የሚወጣውን የጠዋት መኪና ያያችሁ እንደሆነ ጣራው ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ውስጡ ነጭ ነጠላ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ከተራራው ጫፍ፣ ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ እሳተ ገሞራ ትቶት የሄደው ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ የቂርቆስ ገዳም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠርቶላታል። ስለዚህ አሁን በአንድ ቁልቁለት ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይተላለፋል፤ አንዱ ፎቶ ሊነሳ፣ ሌላው ሊድን። ፎቶ የሚነሳው በፈረስ ነው፤ ሊድን የመጣው ብዙ ጊዜ በእግሩ ነው። እንዲህ ዓይነት ሩቅ ቦታ መሄድ የማይችለው በየአጥቢያው፣ በየወንዙ ዳር ያለውን ጠበል ይይዛል። ሱስ ይዞት የመጣውም ጋኔን ይዞታል የተባለውም ሰልፉ አንድ ነው።

ጠበል ላይ ስለሚሆነው ነገር ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማየው የሚደንቀውን ሳይሆን ተራውን ነው። ገና ሳይነጋ መነሳት። ውሃው አጥንት ሰብሮ ሲገባ መጮህ። እስከ ቅዳሴ መውጫ መጾም። ቆሎና ሽምብራ። ማታ የማታውቃት ሴት አጠገብ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት፣ እሷም ስትንቀጠቀጥ መስማት። ሦስት ሱባኤ፣ ሃያ አንድ ቀን፣ መለኪያ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ከሁሉ ደግሞ ስሟ ይለወጣል። አረቄ ቤት የወጣላት ስም ተራራው ላይ አያውቃትም፤ ካህኑ የሚጠራት በክርስትና ስሟ ነው፣ ወለተ እገሌ ብሎ። ብዙዎቹ በዚህ ስም ከተጠሩ ዘመን ሆኗቸዋል። ይህን ሁሉ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ቢያቀናብረው ፕሮግራም ብሎ ሰነድ ይጽፍበት ነበር፤ የእኛ እናቶች ሰነድ ሳይጽፉ ሲያደርጉት ኖረዋል።

የሚያስፈራኝም ነገር አለ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣች ሴት በአንዴ ስታቆም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን እጇ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቃት፣ የሌለ ነገር ሊታያት፣ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥላት ይችላል። ይህ ሰውነት ከአልኮል ሲለይ የሚያደርገው ነው፤ ሐኪም ካልደረሰም ይገድላል። ጠበል ሜዳ ላይ ግን «ጮኸ፣ ሊወጣ ነው» ተብሎ ውሃ ይጨመርባታል። እንዲህ ዓይነቱን አለመግባባት ቤተ ክርስቲያኗ በኤች አይ ቪ ዘመን አይታዋለች፤ በእንጦጦ ጠበል ስንቱ ክኒኑን ጥሎ ሞቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ፤ የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ ቃል ነው። ለአረቄም እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር አባት ያስፈልጋል፤ «መጀመሪያ አምቦ ሆስፒታል ታይተሽ፣ ከዚያ ነይልኝ» የሚል። አጥማቂው የሚለውን ትሰማለች፤ ነርሷን ላትሰማ ትችላለች።

ታዲያ ሃያ አንዱ ቀን በሰላም አለቀ እንበል። አንዲት ሴት አነጋግሬ ነበር፤ ከተማዋንም ስሟንም አልናገርም።

«ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ነበርኩ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ሃያ ሁለተኛዋ ቀን ናት የገደለችኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምን እሆናለሁ፤ ቤቴ ገባሁ።»

ቤቷ ምን ነበር? በሩ ጀርባ ጋኑ ቆሟል። ለጎረቤት አውሳው የነበረውን ጋን ጎረቤቷ እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት መልሳላት ኖሯል። ብቅል በዱቤ የሰጣት ነጋዴ ልጁን ሁለት ጊዜ ልኮባታል። የቤት ኪራይ የወር ዕዳ አለ። ከሰዓት በኋላ ደንበኞቿ ተሰብስበው መጡ፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ናፍቀዋት ነው። አንዱ ጭራሽ ዳቦ ይዞላት መጥቷል። ከወንጪ በጀሪካን ያመጣችውን ጠበል አካፈለቻቸው፤ በደስታ ጠጡ፣ ተሻሹ፣ አማተቡ። ከዚያ «በይ አሁን ደግሞ የቤቱን አምጪ» አሉ።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረጋል።

ሴት ስለሆነች የተለየ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የሚጠጣ ወንድ ከመጠጥ ቤት ይሸሻል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እሷ ከመጠጥ ቤት ሸሽታ የምትገባው መጠጥ ቤት ነው፤ አልጋዋም፣ ልጆቿም፣ እንጀራዋም እዚያው ናቸው። ፕሮቴስታንቱም ጋ ያው ነው። መካነ ኢየሱስ በምዕራብ ኦሮሚያ ሥር የሰደደች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አዲስ ያመነች ሴት መጠጡን ማቆሟ ብቻ አይበቃም፣ ጠመቃውንም መተው ይጠበቅባታል። እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ወር ምን ትበላለች የሚለው ጥያቄ ግን ከስብከቱ በኋላ ይቀራል። ኅብረቱ ጥቂት ጊዜ ያዋጣላታል፤ ከዚያ ሌላ ችግረኛ ይመጣል።

በየደብሩ ግቢ ጥግ የመነኮሳይት ጎጆዎች አሉ። እኔ ደብር ስገባ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው፤ ሰው አጎንብሶ የሚገባባት በር፣ ደጇ ላይ የተሰጣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ አንዲት ድመት። ከአንዷ እማሆይ ጋር ስንጫወት «እኔም እኮ ጠላ ሻጭ ነበርኩ፣ ልጄ፣ ጠጪም» አሉኝ፣ ምንም ሳይከብዳቸው። ልጆቻቸው አድገው ሲበተኑ ቆብ ጫኑ፣ ጎጆ ተሰጣቸው፣ አበቃ። የአባቶቻችን ሥርዓት ዓለምን ጨርሳ ለምትተው ሴት ቤት አለው፤ ወደ ዓለም መመለስ ለምትፈልገው ነው የሌለው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ሁለት ልጅ ያላት፣ ገና አርባ ዓመት የምትኖር፣ ቆብ ልጫን ብትል ማን ይሰማታል? እሷ የምትፈልገው ጎጆዋን ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ነው።

መንግሥት ምን አለው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲወጣ፣ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ከሚኒባስ ተሳፋሪ ግን አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም፣ አማኑኤል የሚለው ስም ያስፈራል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. «ለነገዋ» የተባለ የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ተከፍቷል፤ በዓመት 10 ሺህ ሴቶችን እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ትልቅ ሕንጻ ነው። መከፈቱ ደስ ይላል። አሥር ሺህ የሚል ቁጥር ስሰማ ግን ጌዶ ያለች አረቄ ሻጭ በየትኛው አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ልጆቿን ለማን ትታ፣ የትኛው መስኮት ጋ ትሰለፋለች እላለሁ። እሷ የምትፈልገው ቤት በእግር የሚደረስ፣ ቢበዛ አምስት ስድስት ሴት የሚኖርበት ቤት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አልተሞከረም አይባልም። አዲስ አበባ ውስጥ «እልልታ» የሚባል በክርስትና እምነት ላይ የቆመ ድርጅት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከሴተኛ አዳሪነት መውጣት የሚፈልጉ ሴቶችን ሲረዳ ቆይቷል፤ ምክር፣ የልጆች ማቆያ፣ ሥልጠና። ወጥተው ከነበሩት ሴቶች ጋር ተነጋግሮ ባሬት ዋርድ የሚባል አንድ አሜሪካዊ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአንገት ልብስ የሚያሸምን ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ የኢትዮጵያ ጥጥ፣ የኢትዮጵያ ሸማኔ፣ ገበያው አሜሪካ። የሚገርመው ኩባንያው የተቀመጠባት የአሜሪካ ከተማ ናሽቪል ራሷ የዚህ ዓይነት ቤት አገር መሆኗ ነው። ቤካ ስቲቨንስ የምትባል የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ በ1997 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ለአምስት ሴቶች ቤት ከፈተች፤ ከጎዳና፣ ከሱስና ከእስር ቤት ለመጡ። ሁለት ዓመት ያለ አንዲት ሳንቲም ኪራይ። ሁለት ዓመት! እኛ ሃያ አንድ ቀን ሰጥተን «ለምን ተመለሰች?» እንላለን። ከአራት ዓመት በኋላ ሴቶቹ ሻማና የገላ ዘይት እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ፤ የቤቱ ወጪ በከፊል ከዚያ ይወጣል።

ደግሞ የእኛዋን አበበች ጎበናን ማን ይረሳል። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ግሸን ማርያም ልትሳለም ሄዳ፣ ጠበልና ዳቦ ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ በረሃብ የወደቀውን ሰው አየች። ዳቦውንም ጠበሉንም እዚያው አካፈለች፣ ሁለት ልጆች ይዛ አዲስ አበባ ገባች። ባሏ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አላት፤ ልጆቹን መረጠች። በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያለፉበት ድርጅት የተጀመረው እንጀራና ቆሎ እየሸጠች ነው። ከተሳላሚነት ቤት ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለ ሥራው አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ማንኛውም ድርጅት «ሴቶችን አሠለጠንኩ» ሲል ወይ የልብስ ስፌት ነው ወይ የፀጉር ሥራ። ስንት ልብስ ሰፊ ትችላለች አንዲት ወረዳ? አረቄ የምታወጣ ሴት እኮ ባለሙያ ናት። የእህል ገበያ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በቆሎው የነቀዘ መሆኑን በጥርሷ ትለያለች። እሳት መቆጣጠር ትችላለች። ማን ዱቤ ይከፍላል፣ ማን ይክዳል ፊቱን አይታ ትናገራለች። ያቺን ሴት የስፌት መኪና ፊት አስቀምጦ ከዜሮ ጀምሪ ማለት ሙያዋን መጣል ነው። ሽሮ ታዘጋጅ፣ በሶ ትፍጭ፣ ዳቦ ትጋግር፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ስንት ሺህ ተማሪ አለ፣ ሁሉም ጠዋት ይርበዋል። ብቅል የሚሰጣት ነጋዴም ስንዴ በዱቤ መስጠት አይከብደውም፣ እሱ የሚፈልገው ብሩን ነው።

ሌላም አለ፣ ይህኛው ያናድደኛል። እምነት ላይ የቆመ ቤት ሁሉ አንድ ፈተና አለበት፤ ማይክራፎን። ሴትየዋ ከተላቀቀች ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላት መድረክ ላይ አውጥተው መስክሪ ይሏታል። ስልክ ይቀርጻል፣ ማታ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፣ በነጋታው ልጇ ትምህርት ቤት ይሰደብበታል። ብትወድቅ ደግሞ የወደቀችው በአንድ ከተማ ሰው ፊት ነው፤ አፍራ አትመለስም። ተጠምቃ ስትጮኽ የተቀረጸችዋም እንዲሁ። ገመና መሸፈን የምናውቅ ሕዝብ ነን፣ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን እንተክላለን፤ ምን ነክቶን ነው የችግረኛ ሴት ፊት ሲሆን መጋረጃውን የምንገልጠው? ምስጋናዋ በእግዚአብሔርና በእሷ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈያ አይደለም።

ያነጋገርኳትን ሴት እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ምን እንዲኖረው ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። የጸሎት ጊዜ ትለኛለች፣ ምክር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ከውስጥ የሚቆለፍ በር» አለችኝ። አረቄ ቤት በር አይቆለፍም፣ የመጣ ይገባል። ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው አለ፤ ከፈለገች አትክፈት ይባላል፣ ግን ያውቃታል፣ አጥሩ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ለብዙ ዓመት በራሷ ቤት በሩን ዘግታ ተኝታ አታውቅም። ሁለተኛ የጠየቀችው ልጆቿን ይዛ መግባት ነው። ጸሎቱን ሦስተኛ አደረገችው፤ ያውም «ጸሎት እንኳ እኔ ራሴ አላቋርጥም» ብላ።

በኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ሲንቄ የሚባለውን በትሯን ይዛ ከወጣች መንገድ ይለቀቅላታል፣ የሴቶቹን ጩኸት የሰማች ሴት ሥራዋን ጥላ ትወጣለች፣ ያጠፋ ወንድ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት ባለበት አገር አንዲት ሴት በሯን የሚጠብቅላት ጎረቤት ማጣቷ አይገባኝም። ምናልባት የጠጣች ሴት ስትጮኽ ጩኸቷ እንደ ጩኸት ስለማይቆጠር ይሆናል።

በዚሁ በአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም ስደርስ ሁልጊዜ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ቀና ብዬ አያታለሁ። አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ዋና ከተማ ሊቆረቁሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ማገዶ አልቆ ነበር አዲስ አበባ። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣ፣ ማገዶው ተገኘ፣ ሐሳባቸውን ለወጡ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በምዕራብ ሸዋ አንድ ሕንጻ ከታሰበለት ሌላ ሥራ ሲሠራ አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቤተ ክርስቲያን ሱቆች ነው። በከተሞቻችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አጥራቸውን ተከትለው የሚከራዩ ክፍሎች ሠርተዋል፤ ጧፍና ዕጣን መሸጫ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሬሳ ሣጥን፣ የሞባይል ካርድ፣ ቡና ቤት። አይከፋም፣ ካህናቱም ደመወዝ ያስፈልጋቸዋል። ከእነሱ መካከል ሁሌ አንዲት ባዶ የሆነች አለች፤ ጥግ ላይ ሆና ገበያ የማይደርሳት፣ በሯ ላይ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል የቆየ ወረቀት የተለጠፈባት።

ይህን የምታነቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ያቺን ክፍል ከኪራይ ዝርዝራችሁ አውጡልን። መጸዳጃና ውሃ ይግባላት፣ በሯ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ቁልፉ ሴቶቹ እጅ ይደር። ለአራት ሴትና ለልጆቻቸው ትጠባለች፣ ግን ትበቃለች። ኪራዩ ይቀርብናል የሚል ካለ፣ ምእመኑ ለጉልላት አዋጥቷል፣ ለደወል አዋጥቷል፣ ለድምፅ ማጉያም አዋጥቷል፤ ለዚህም ጠይቁት።